ዝሆኔና ዘር፦ ባልና ሚስት ሊያውቁት የሚገባ



በቢቸናም ሆነ በሞጣ ለእርግዝና ክትትል ወይም ለወሊድ መቆጣጠሪያ ወደ ክሊኒክ ከሚመጡ ባለትዳሮች አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልናል። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ በግልጽ አይነሣም። ምርመራው አልቆ፣ ቀጠሮው ከተጻፈ በኋላ፣ ከሁለት አንዳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የአማቴ እግር ያበጠ ነው፤ ልጃችን ላይ ይመጣ ይሆን?» ይላሉ። «ዝሆኔ ከዘራቸው አለ ብለው ልጃችንን አንሰጥም አሉን» የሚሉ ወላጆችም አሉ። እግሯ በማበጡ አፍራ ክትትሏን ያቋረጠች ነፍሰ ጡርም ታጋጥመናለች።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ዝሆኔ ምን እንደሆነ፣ ዘር በበሽታው ውስጥ ያለው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ፣ ባልና ሚስትም ለልጆቻቸው ምን ማድረግ እንደሚችሉ እናስረዳለን። ዋናውን ነገር ከወዲሁ ለመናገር ያህል፦ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በሽታው ሳይሆን ለበሽታው መጋለጥ ነው። መጋለጡ ወደ በሽታ የሚለወጠው ደግሞ እግር ባዶውን አፈር ሲረግጥ ነው።

ዝሆኔ ምንድን ነው?

በእኛ ደጋ አገር የሚታየው ዝሆኔ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን እግርንና አቧራን ያጣመረ ስም ነው። እብጠቱ ከእግር መዳፍ ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከጉልበት አያልፍም። ሁለቱንም እግሮች የሚይዝ ቢሆንም አንደኛው ከሌላው ብሶ ይታያል።

በቆላ አካባቢ በትንኝ ንክሻ በሚገባ ትል የሚመጣ ሌላ ዓይነት ዝሆኔ አለ። የእኛው ግን ከትንኝም ከትልም አይመጣም። ተሕዋስያን የሌሉበት በሽታ ስለሆነ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ በአንድ ሳፋ እግር በመታጠብ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ሆነ ጡት በማጥባት አይጋባም። እርግማን ወይም የሠሩት ኃጢአት ቅጣትም አይደለም።

መንስኤው አፈር ነው። ጮቄ ተራራ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት እሳተ ገሞራ የነበረ ሲሆን ቢቸናም ሞጣም በዚሁ ተራራ ዙሪያ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘና ብዙ ዝናብ የሚያገኝ የደጋ አፈር በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች ይኖሩታል። ሰው ባዶ እግሩን ሲሄድ ቅንጣቶቹ በእግር ቆዳ በኩል ይገባሉ። ከገቡም በኋላ ሊምፍ የተባለው ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች ተከትለው እስከ ንፍፊት ድረስ ይሄዳሉ። በዚያ ሰውነት ይቆጣል። ቁጣው ዓመታት ሲቆይ ቱቦዎቹ ይጠባሉ፣ ይደድራሉ። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል።

በሽታው በአገራችን ብዙ ሕዝብ የሚያሠቃይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት መሠረት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዐዋቂዎች እንደታመሙ ተገምቷል። ለበሽታው በሚመች አካባቢ የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ 35 ሚሊዮን ገደማ ነው። በጎጃምም እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች ከ100 ውስጥ 3.3 ያህሉ ዝሆኔ እንዳለባቸው ታውቋል።

ሁሉም አፈር ረግጦ ለምን ጥቂቱ ብቻ ይታመማል?

ይህን ጥያቄ ቀደም ብለው ካነሡት አንዱ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። በሽታው ከአፈር እንደሚመጣ በስፋት ያጠኑትና ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ያወጡለትም እሳቸው ናቸው። በምርመራቸው የአፈር ቅንጣት በታመሙት ብቻ ሳይሆን ባዶ እግራቸውን በሚሄዱ ጤነኞች ንፍፊት ውስጥም ተገኘ። አፈሩ ሁሉም ዘንድ ይገባል፤ የሚታመመው ግን ጥቂቱ ነው። በዚያ ላይ በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የአገራችን ጥናት እንዳሳየው ወንድሙ ወይም እህቱ ዝሆኔ ያለበት ሰው ከሌላው ሰው ይልቅ 5 ጊዜ ያህል ለበሽታው የተጋለጠ ነው። እንግዲህ ዘር ድርሻ አለው ማለት ነው። ድርሻው ምን እንደሆነ ለመረዳት ግን በመጀመሪያ ስለ አንድ የሰውነት ክፍል ማወቅ ያስፈልጋል።

ስኳር ያዘሉ ፕሮቲኖች

ሰውነታችን የተሠራው ከሕዋሳት ሲሆን የሕዋሳት ዋና መሥሪያ ፕሮቲን ነው። ከፕሮቲኖቹ ብዙዎቹ በላያቸው ላይ የስኳር ሰንሰለት ተቀጥሎባቸዋል። እነዚህ ግላይኮፕሮቲን ይባላሉ፤ ስኳር ያዘሉ ፕሮቲኖች ማለት ነው። ይህ ስኳር ሻይ ላይ የምንጨምረው ዓይነት አይደለም፤ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነው።

ነገሩ እንግዳ ቢመስልም ክሊኒክ የመጣ ባለትዳር ሁሉ ሳያውቀው ያገኘዋል። በሽንት የሚደረገው የእርግዝና ምርመራ የሚፈልገው ኤችሲጂ የተባለውን ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን ከሚያድገው የእንግዴ ልጅ የሚወጣ ሲሆን ግላይኮፕሮቲን ነው። የደም ዓይነታችሁን አስመርምራችሁ ከሆነም «ኤ»፣ «ቢ» ወይም «ኦ» የሚያሰኘው በቀይ የደም ሕዋስ ላይ በተቀጠሉት ሰንሰለቶች ጫፍ ያለው የስኳር ልዩነት ነው። «ኤ» አንድ ዓይነት ስኳር አለው፣ «ቢ» ሌላ ዓይነት አለው፣ «ኦ» ደግሞ ሁለቱም የሉትም። ይህን የሚወስነው ከእናትና ከአባት የተወረሰ ዘረ መል ነው። ዘረ መል ማለት በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያለና ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚናገር መመሪያ ነው።

ከግላይኮፕሮቲኖች መካከል ኤች ኤል ኤ የሚባሉ አሉ። ሥራቸው ጥበቃ ነው። ሰውነትን የሚጠብቁ ሕዋሳት ከውጭ የገባ ነገር ሲያገኙ ቆራርጠው አንዱን ቁራጭ በኤች ኤል ኤ ላይ ያስቀምጡታል። በሰፌድ ላይ አድርጎ ለጎረቤት እንደሚያሳይ ሰው፣ ቁራጩን ለሌሎች የጥበቃ ሕዋሳት ያሳያሉ። ያዩት ሕዋሳት እንግዳ ነው ካሉ ሰውነት ይቆጣል፣ ይዋጋል። ኤች ኤል ኤ ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። አንዱ ሰፌድ የሚይዘውን ሌላው አይዝም። ስለሆነም አንድ ነገር ገብቶባቸው የአንዱ ሰውነት በኃይል ሲቆጣ የሌላው ዝም ሊል ይችላል። ኩላሊት ሲለገስ የሰጪውና የተቀባዩ ኤች ኤል ኤ የሚመሳከረው በዚህ ምክንያት ነው። በልጅነት የሚጀምረው፣ ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው የስኳር በሽታም ከኤች ኤል ኤ ዓይነት ጋር ግንኙነት አለው።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 (2004 ዓ.ም.) ባወጡት ጥናት ይህ ጉዳይ ከዝሆኔ ጋር ተያያዘ። በደቡብ ኢትዮጵያ 194 በሽተኞችንና 203 ጤነኞችን ወስደው ዘረ መላቸውን አነጻጸሩ። ቀጥለውም በ202 ቤተሰቦች ውስጥ አባትን፣ እናትንና ልጅን አንድ ላይ መረመሩ። ጎልቶ የወጣው ልዩነት የኤች ኤል ኤ መመሪያ ካለበት ስፍራ ላይ ነበር። አንዳንድ የኤች ኤል ኤ ዓይነቶች ያሏቸው ሰዎች ከሌሎቹ ሁለት ጊዜ ያህል የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ከዚህ በመነሣት ተመራማሪዎቹ በሽታው በጥበቃ ሕዋሳት ቁጣ የሚመራ ሊሆን እንደሚችል ገለጹ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከሦስት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ናሙና ተወስዶ የወጣ ሌላ ጥናትም ይህንኑ አጠናክሯል።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?

እዚህ ላይ ተጠንቅቃችሁ አንብቡ። ጥናቱ «ዝሆኔ በዘር ነው» አላለም። ያለው መጋለጥ በዘር ይወረሳል ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ የኤች ኤል ኤ መመሪያን አንዱን ቅጂ ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ይወስዳል። እናት ካሏት ሁለት ቅጂዎች አንዱ ብቻ የሚያጋልጠው ዓይነት ቢሆን፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ እሱን የመውረስ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። ለአባትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ከተወለዱት ልጆች አንዱ ወርሶ ሌላው ሳይወርስ ይቀራል። ከእናት ብቻ ወይም ከአባት ብቻ የሚመጣ አለመሆኑንም ልብ በሉ። «በእሷ ወገን መጣ»፣ «በእሱ ወገን መጣ» እያሉ ባልና ሚስት መወቃቀስ ተገቢ አይደለም።

ሁለተኛ፣ እነዚሁ ዓይነቶች በጤነኞችም ላይ ይገኛሉ። የሚያጋልጠውን ዓይነት ይዞ ዕድሜውን በሙሉ ሳይታመም የሚኖር ሰው ብዙ ነው። በጎረቤት ቤት «ዘራችን ንጹሕ ነው» የሚሉትም ይኑራቸው አይኑራቸው በመልክ አይታወቅም። ስለሆነም ለጋብቻ ሲባል ደም የሚያስመረምር ነገር የለም፤ አጥንት መቁጠርም አይጠቅምም።

ሦስተኛና ዋነኛው፣ አፈሩ ወደ ሰውነት ካልገባ የሚቆጣ ነገር የለም። ለዚህ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። ዝሆኔ ከዚህ ቀደም በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያና በሞሮኮ፣ በአውሮፓም በፈረንሳይ፣ በአየርላንድና በስኮትላንድ ነበር። ዛሬ በእነዚህ አገሮች የለም። የሕዝቡ ዘር አልተለወጠም። የተለወጠው ጫማ ማድረጉና አኗኗሩ ነው። እንግዲህ ዘር ከልጓም ይስባል ቢባልም፣ በዚህ በሽታ ልጓሙ ጫማ ነው፤ ልጓሙም ያሸንፋል።

ለባለትዳሮች የሚያስከትለው ጉዳት

በዝሆኔ ሰው የሚጎዳው በእብጠቱ ብቻ አይደለም። ሽማግሌ ተልኮ «ዘራቸው አይሆንም» ተብሎ ይመለሳል። የተጋቡትም በበሽታው ምክንያት ይፋታሉ። በሽተኛው ከማኅበር፣ ከድግስ፣ ከቤተ ክርስቲያን ራሱን ያርቃል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሰደባሉ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መደበቁ ነው። በሽታው ገና ሲጀምር ሊገታ ሲችል፣ በረጅም ቀሚስና በጋቢ ተሸፍኖ ዓመታት ይቆያል።

«ልጅ መውለድ እንተው ወይ?» ብላችሁ ለምትጠይቁን መልሳችን ይህ ነው፦ በዝሆኔ ምክንያት መውለድ መተው አያስፈልግም። ስንት ልጅ፣ መቼ መውለድ እንዳለባችሁ በጤናችሁ፣ በኑሯችሁና በፍላጎታችሁ ወስኑ። ልጆችን አራርቆ መውለድ ግን በዚህም በኩል ጥቅም አለው። ሁሉንም ልጆች በየዓመቱ ጫማ ማልበስ የሚቻለው ቁጥራቸው ከአቅም ጋር ሲመጣጠን ነው።

ዝሆኔ ያለባት ሴት መርፌውን፣ በክንድ የሚቀበረውንም ሆነ ሉፑን መጠቀም ትችላለች። ከዚህ በፊት በእግር ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ያውቅ ከሆነ ግን ለነርሷ ወይም ለአዋላጇ መናገር ይገባል፤ የሚዋጡት ጥምር እንክብሎች ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት አይሰጡምና።

እብጠት ሁሉ ዝሆኔ አይደለም

ነፍሰ ጡር ሴት በመጨረሻዎቹ ወራት ማታ ማታ እግሯ ጥቂት ቢያብጥ የተለመደ ነው። ሲተኙ ይጎድላል፣ ከወለዱ በኋላም ይጠፋል። ነገር ግን የሚከተሉት ከታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ኑ፦

- ፊትና እጅ ካበጠ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ካለ፣ ወይም ዓይን ብዥ ካለ፤ ይህ በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፤
- አንዱ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ፤ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤
- እግር ላይ የመደንዘዝ ወይም ስሜት የማጣት ምልክት ካለ፤ በዝሆኔ ስሜት አይጠፋም፤ በሥጋ ደዌ ግን ይጠፋል፤ መድኃኒትም አለው።

የዝሆኔ የመጀመሪያ ምልክቶች ደግሞ ከጣቶች አካባቢ ማሳከክ፣ የእግር መዳፍ ማቃጠል፣ የእግር ፊት ሰፋ ማለት፣ ቆዳው መወፈርና ሲመሽ ብቅ ብሎ ሌሊት የሚጎድል እብጠት ናቸው። ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የመጣ ሰው ከፍተኛ ተስፋ አለው።

ምን እናድርግ?

ለልጆች፦ ልጁ ቆሞ መሄድ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ጫማ አድርጉለት። ትምህርት ቤት ሲሄድ ጫማ አድርጎ ቤት ሲመለስ አውልቆ በግቢው አፈር ላይ የሚውል ልጅ አልተጠበቀም። ነጠላ ጫማና በረባሶ ከባዶ እግር ይሻላሉ፤ የተሻለው ግን እግርን የሚሸፍን ጫማ ከካልሲ ጋር ነው። ሸራ ጫማ ይበቃል። ኮንጎም ከካልሲ ጋር ቢደረግ ይረዳል። አፈሩ ቀይ ነው ጥቁር ነው ብላችሁ አትምረጡ። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ፣ በእርሻም በገበያም ጫማ ይደረግ። ከገጠር መጥታ የምትረዳችሁን ልጅና ቤታችሁ ሆኖ የሚማረውን ዘመድ ልጅም ከልጆቻችሁ አትለዩ። እግር በየቀኑ ማታ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ በጣቶች መካከል በደንብ ይድረቅ። የቤቱ ወለል አፈር ከሆነ በሰሌን ወይም በፕላስቲክ ምንጣፍ ይሸፈን።

ለታመመ ሰው፦ «ከእንግዲህ ምን ይደረግለታል» ብላችሁ አትተዉት። እግሩ በየቀኑ በሳሙና ይታጠብ። ከዚያም የጤና ባለሙያው በነገራችሁ መጠን በረኪና የተጨመረበት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፍ፤ በረኪናን በግምት መጨመር ቆዳን ያቃጥላል። ከደረቀ በኋላ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ወይም የታዘዘው ቅባት ይቀባ። ሲቀመጥና ሲተኛ እግሩ ከፍ ይበል። ባለሙያ ካሳየ በኋላ በፋሻ ይጠቅለል፤ ካልሲና ጫማ ይደረግ።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ምክር አይደለም፤ በራሳችን በምሥራቅ ጎጃም፣ በአነደድ ወረዳ ተሞክሯል። 696 በሽተኞች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ወዲያው፣ ግማሾቹ ከአንድ ዓመት በኋላ ይህን እንክብካቤ እንዲያገኙ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ወዲያው የጀመሩት ሰዎች የሚያጋጥማቸው ብርድ ብርድ የሚልና የሚያንዘፈዝፍ የእግር ሕመም ከሌሎቹ በአምስት እጅ አንድ ያህል ቀነሰ። ይህ ሕመም ሲነሣ ሰውየው በትኩሳት ለቀናት ይተኛል፤ ማሳ ይቀራል፣ ገበያ ይቀራል፣ ልጅ ይራባል። እንክብካቤው የጠየቀው ሳሙና፣ ውኃ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነበር።

ሕመሙ ሲነሣ ያረፈ ሰው እግሩን ከፍ አድርጎ፣ በቀዝቃዛ ውኃ በራሰ ጨርቅ ያቀዝቅዝ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆነች በቤት የተረፈ መድኃኒት አትውሰድ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ትምጣ። እብጠቱን መብጣትና መተኮስ ቁስል ያመጣል እንጂ አይረዳም።

ለባልና ሚስት፦ እርስ በርሳችሁ እግራችሁን ተያዩ። ሚስት እግሯን ብትሸፍን ባል «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ በፍቅር ይጠይቃት። ባልም ሲያሳክከው ዝም ብሎ አይቀመጥ። ማጠቡ፣ ቅባቱ፣ ፋሻው በሁለት ሰው ሲሆን ይቀላል፤ ብቻውን የተወ ሰው ግን በሁለት ሳምንት ይሰለቸዋል። ለእርግዝና ክትትል የምትመጡ እናቶችም እግራችሁን ለማሳየት አትፈሩ። የደም ግፊታችሁን ስንለካ እግራችሁንም ማየት ሥራችን ነው።

ልጃችሁን ለማጨት ሽማግሌ ሲላክ ደግሞ ስለ ዝሆኔ የሰማችሁትን አስታውሱ። «ዘሩ ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ «ልጆቻቸውን ጫማ ያደርጋሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። ከወላጆቻችን የወረስነውን የኤች ኤል ኤ ዓይነት መምረጥ አንችልም። ልጃችን ጠዋት ከደጅ ሲወጣ እግሩ ላይ ምን እንዳለ ማየት ግን እንችላለን።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ!